የዓሣ እረኞች

የላም እረኛ ታውቃላችሁ። የበግ እረኛም ታውቃላችሁ። የዓሣ እረኛስ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኛ ሆነን አይተነዋል። ዛሬ የምናጫውታችሁ ይህንኑ ነው።

እኛ ሦስት ጓደኛሞች ነን። አንዳችን ከአምቦ፣ አንዳችን ከጉደር፣ አንዳችን ከጊንጪ ነን። ሦስታችንም የገበሬ ልጆች ነን። ከብት ጠብቀን፣ ወንዝ ዋኝተን አድገናል። ኋላ አምቦ ዩኒቨርሲቲ ገብተን እርሻ ተማርን። ዩኒቨርሲቲው ሥራውን የጀመረው በ1939 ዓ.ም. ነው። ያኔ የእርሻ ትምህርት ቤት ነበር።

በ2009 ዓ.ም. የሥራ ልምምድ ጊዜያችን ደረሰ። የሥራ ልምምድ ማለት ተማሪ ከሠራተኛ ጋር ውሎ በደብተር የጻፈውን በእጁ የሚሞክርበት ነው። ከጓደኞቻችን አንዳንዱ ወደ ስንዴ፣ አንዳንዱ ወደ ድንች፣ አንዳንዱ ወደ ወተት ላም ተመደበ። እኛን ሦስታችንን ወደ ሰበታ ላኩን። የዓሣ ጫጩት ወደሚፈለፈልበት ቦታ ማለት ነው።

የአንዳችን እናት ይህን ሲሰሙ ሳቁ።

«ዓሣ ልትማሩ? ዓሣ በወንዝ ሞልቶ! ዶሮስ እሺ፣ ታቅፋ ትፈለፍላለች። ዓሣን ደግሞ ማን ሊያቅፈው ነው?» አሉን።

እኛም አብረን ሳቅን። መልሱን አናውቀውም ነበርና። እውነቱን ለመናገር ስለ ዓሣ የምናውቀው መግደሉን ብቻ ነበር።

ብርብራ የሚባለውን ዛፍ ታውቁታላችሁ። ልጆች ሳለን የብርብራ ፍሬ እየለቀምን በድንጋይ እንወቅጥ ነበር። ዱቄቱን በጨርቅ እንቋጥራለን። ከዚያ ወንዙ ረጋ ከሚልበት ቦታ ላይ ጨርቁን ውሃ ውስጥ እናሻለን። ብዙ አንቆይም። ዓሦቹ አፋቸውን እየከፈቱ እንደ ሰከረ ሰው ወደ ላይ ይመጣሉ። ትልልቁን እንለቅማለን። ጣት የማያህለውን ትንንሹን ለወፍ እንተወዋለን። «አባቶቻችንም እንዲሁ ያደርጉ ነበር» እንል ነበር። ትንንሹን አንድም ቀን ቆጥረን አናውቅም።

ሰበታ የገባነው በየካቲት ወር ነው። ከአምቦ ተነስተን በጊንጪ፣ በአዲስ ዓለምና በሆለታ አድርገን አዲስ አበባ ደረስን። ከዚያም በጅማ መንገድ፣ በዓለም ገና በኩል ሰበታ ገባን። ሰበታ ዛሬ በሸገር ከተማ ሥር ናት። የዓሣ ማራቢያው የተቋቋመው በ1960ዎቹ መጨረሻ ላይ ነው። አሁን ብሔራዊ የዓሣ ምርምር ማዕከል ሆኗል። ከዚያ የወጡ የዓሣ ጫጩቶች ወደ ብዙ ግድቦችና ኩሬዎች ተወስደው ተለቅቀዋል።

በመጀመሪያው ቀን መረብ ይሰጡናል ብለን ነበር። አልሰጡንም። የተሰጠን አንድ ደብተር፣ አንድ እርሳስና አንድ የሙቀት መለኪያ ነው። ሥራውን የሚያሳዩን አንድ አንጋፋ ሠራተኛ ነበሩ። ጋሼ እንላቸዋለን።

«ጋሼ፣ ዓሣው የታለ?» አልናቸው።

«ዓሣው አለ፤ የትም አይሄድም። መጀመሪያ ውሃውን እወቁት። ሣሩን ሳያይ ከብት የሚያሰማራ እረኛ አለ እንዴ?» አሉን።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ከንጋቱ 12 ሰዓት እንነሳለን። ኩሬ ለኩሬ እየዞርን የውሃውን ሙቀት እንለካለን። ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ እንደገና እንለካለን። ሙቀት በዲግሪ ይለካል። ውሃ በረዶ የሚሆነው 0 ዲግሪ ሲደርስ ነው። የጤነኛ ሰው ገላ 37 ዲግሪ ያህል ይሞቃል። የሰበታ ኩሬ ጠዋት ጠዋት 18 ወይም 19 ዲግሪ ነበር። ከሰዓት በኋላ 23 ይደርሳል። ይህን ሁሉ እንጽፋለን።

ምን ይሠራል ትሉ ይሆናል። እኛም ብለን ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው። እዚያ በብዛት የሚረባው ቆሮሶ ነው። ቆሮሶ ሙቀት ይወዳል። ውሃው ከ20 ዲግሪ በታች ሲሆን መራባቱን ይተዋል። ቅዝቃዜው ሲበረታ መብላቱንም ይቀንሳል። የማይበላ ዓሣ ፊት ፉርሽካ ብትደፉ ፉርሽካው ይበሰብሳል፤ ውሃው ይበላሻል። ስለዚህ መኖ ከመስጠት በፊት ደብተሩን ማየት ያስፈልጋል። እኛ አገር ደጋ ነው፤ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል። ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ቶሎ የሚያድገው ዓሣ እኛ ዘንድ ቀስ ይላል።

ሙቀት ከመለካት ሌላ ብዙ ሥራ ነበረን። ሣር እናጭዳለን። የኑግ ፋጉሎና ፉርሽካ እናቀላቅላለን። ወፍ እናባርራለን። እንቁራሪት እናወጣለን፤ ለዓሣ ጫጩት እንቁራሪት ማለት ለበግ ቀበሮ ማለት ነው። ከአንዱ ኩሬ ያወጣነውን መረብ ሳናጥብና ፀሐይ ላይ ሳናደርቅ ሌላው ኩሬ ውስጥ አንነክርም። አንደኛ በሽታ ይዞ እንዳይሄድ ነው። ሁለተኛ በመረቡ የተያዘ ጫጩት ከሌላ ዘር ጋር እንዳይቀላቀል ነው። ገበሬ የጤፍ ዘሩን ከእንክርዳድ እንደሚለየው ዓሣም ዘሩ ይለያል። አንዴ ከተቀላቀለ መልቀሙ ጭንቅ ነው።

በመጋቢት ወር ውሃው ሞቅ አለ። አንድ ቀን ጋሼ ጠሩንና አንዲት ቆሮሶ በመረብ አውጥተው አሳዩን። አፏ ያበጠ ይመስላል።

«ታማለች እንዴ?» አልን።

ሳቁ። ዓሣዋን በውሃ የተሞላ ሳህን ላይ ይዘው አፏን ቀስ ብለው ከፈቱ። ከአፏ ውስጥ ቢጫ እንቁላል ፈሰሰ። አንዱ ፍሬ ከጤፍ ይተልቃል፤ ከምስር ያንሳል። በመቶ የሚቆጠር ነው።

ወንዱ ቆሮሶ ከኩሬው ሥር እንደ ሳህን አድርጎ ጉድጓድ ይቆፍራል። ሴቷ እዚያ እንቁላል ትጥላለች። ወንዱ ዘሩን ይለቅበታል። ከዚያ እሷ እንቁላሉን በአፏ ለቅማ ትይዘዋለች። ጫጩቶቹ በአፏ ውስጥ ይፈለፈላሉ። ከእንቁላል ጀምሮ እስኪዋኙ ድረስ እስከ ሁለት ሳምንት ይቆያል። ያን ሁሉ ቀን እናቲቱ ምግብ ትተዋለች። ብትውጥ ልጆቿን ልትውጥ ነዋ! ጫጩቶቹ ወጥተው መዋኘት ከጀመሩም በኋላ ጠላት ሲመጣ ተመልሰው አፏ ውስጥ ይገባሉ።

«ዓሣን ማን ሊያቅፈው ነው?» ያሉንን እናታችንን አሰብናቸው። መልሱን አገኘነው። የምታቅፈው እናቱ ናት፤ ክንፍ ስለሌላት በአፏ ታቅፋለች።

ያወጣነውን እንቁላል ጠርሙስ በመሰለ ዕቃ ውስጥ አደረግነው። ከሥር ውሃ እየገባ እንቁላሉን ቀስ እያለ ያገላብጠዋል። እናቱም በአፏ የምታደርገው ይህንኑ ነው። እንቁላል አንድ ቦታ ከረጋ ይሻግታል። ነጭ የሆነውን ፍሬ በየቀኑ እንለቅማለን። በአራተኛው ቀን ጭራ ያለው ነገር ታየ። ሆዱ ላይ ስንቁን ይዟል። ስንቁ እስኪያልቅ መኖ አይፈልግም። ሲያልቅ ግን ሌሊትም ቀንም የሚራብ ፍጥረት ነው።

ከዚያ መቁጠር መጣ። በማንኪያ እየቀዳን ከሳህን ወደ ሳህን እንቆጥራለን። አንዳችን ይቀዳል፤ አንዳችን ይቆጥራል፤ አንዳችን ይጽፋል። 640 ላይ ስንደርስ አንዳችን ዝም አለ።

«ምን ሆንክ?» አልነው።

«ያ በብርብራ ጊዜ ለወፍ የምንተወው ይህን ያህላል» አለ።

ሌላ ሰው አልተናገረም። መቁጠራችንን ቀጠልን።

በማዕከሉ አንዲት ወጣት ባለሙያ ነበረች። ጣና ላይ ሠርታለች። አንድ ከሰዓት በኋላ ስለ ጣና አጫወተችን። በጣና ሐይቅ ውስጥ ቢልቻ የሚባለው የዓሣ ዘመድ አለ። በዚያ አገር ነጭ ዓሣ ይሉታል። ዓይነቱ ከ15 አያንስም። አብዛኛው በዓለም ላይ ከጣና በቀር ሌላ አገር የለውም። በክረምት ዓሦቹ ወደ ጉማራና ወደ ርብ ወንዝ ይወጣሉ። እንቁላላቸውን የሚጥሉት ጠጠር ባለበት፣ ጥሩ ውሃ በሚወርድበት ቦታ ነው። እንቁላል የያዘችው እናት የምታልፈው በአንድ በር ነው። በሩ የወንዙ አፍ ነው። አጥማጁም ይህን ያውቃል። መረቡን የሚዘረጋው እዚያው ነው።

«ከ1983 እስከ 1993 ዓ.ም. ባሉት 10 ዓመታት ውስጥ የቢልቻው ብዛት ከአራት እጅ ሦስቱ ያህል ጠፋ» አለችን።

አስቡት። አራት በሬ ከነበረው ገበሬ ሦስቱ ሞተው አንድ ቢቀረው ማለት ነው። በአንድ በሬ ምን ይታረሳል?

«ታዲያ እዚህ እንደ ቆሮሶው እያስፈለፈሉ ወደ ጣና መጨመር ነዋ!» አልናት።

«ቢልቻ እንደ ቆሮሶ አይደለም። በኩሬ በቀላሉ አይራባም። እሺ፣ ተራባ እንበል። ጫጩት አሳድገን ብንለቀው የት ሄዶ ይወልዳል? ጠጠሩ ለቤት መሥሪያ ተዝቆ ካለቀ፣ በወንዙ አፍ ላይ መረብ ካለ፣ የለቀቅነው ሁሉ አንድ ትውልድ ሆኖ ይቀራል። ማራቢያ ይረዳል እንጂ ወንዝ አይሆንም» አለችን።

ይህን በደብተራችን ጻፍነው። ገባን ብለንም አሰብን። ሙሉ በሙሉ የገባን ግን ኋላ ነው።

በግንቦት ወር ልምምዳችን ሊያልቅ ሲል ከአምቦ ወጣ ብሎ ወዳለ አንድ ቀበሌ ሄድን። የዓሣ ኩሬ የቆፈሩ ባልና ሚስት ነበሩ። ባሉን ኦቦ፣ ሚስታቸውን አዴ እንላቸዋለን። ኩሬው ርዝመቱ 20 ሜትር፣ ወርዱ 10 ሜትር ነው። 20 በ10 ሲባዛ 200 ካሬ ሜትር ይሆናል። በአንድ ካሬ ሜትር 2 ጫጩት ተቆጥሮ 400 ቆሮሶ ገብቶበታል። ጎረቤት ሁሉ እየመጣ ያያል። በኦሮምኛ ዓሣ ቁርጡሚ ይባላልና ልጆቹ «ቁርጡሚ! ቁርጡሚ!» እያሉ ይሮጣሉ።

አዴ ማንበብና መጻፍ የተማሩት በጎልማሶች ትምህርት ነው። ልጆቻቸው ከጨረሱት ደብተር የተረፈውን ወረቀት ሰፍተው የኩሬ ደብተር አድርገውታል። ፊደላቸው ትልልቅ ነው። ቀን፣ መኖ፣ ፍግ፣ የአየሩ ሁኔታ ሁሉ ተጽፏል።

ፍግ ለምን ትሉ ይሆናል። ትንሽ ፍግ ውሃውን አረንጓዴ ያደርገዋል። አረንጓዴው ለዓይን የማይታይ ትንንሽ ተክል ነው፤ ለዓሣው ምግብ ይሆናል። መለኪያውም ቀላል ነው። ክንዳችሁን እስከ ክርናችሁ ውሃ ውስጥ አስገቡ። መዳፋችሁ ደብዘዝ ብሎ ከታያችሁ ይበቃል። ገና አንጓችሁ ሳይገባ መዳፋችሁ ከጠፋ ውሃው በዝቶበታል፤ ፍግ ይቁም ማለት ነው።

እኛ ይህን ተምረናል። ግን ኮራን። እንደ ባለሙያ ታየን። አዴ በሳምንት 2 ጆንያ ፍግ ይጨምሩ ነበር። «ይህማ ትንሽ ነው፤ ቶሎ እንዲያድግ 6 ይሁን» አልናቸው። ፉርሽካውንም አበዛነው። ክንዳችንን እንኳ አላስገባንም።

አዴ ተጠራጠሩ። «ዳመናው ከብዷል። ደግሞም ውሃው በጣም አረንጓዴ ሆኗል» አሉ።

«ግድ የለም» አልናቸው።

ሰማዩ ሦስት ቀን ዳመነ። በአራተኛው ቀን ንጋት ላይ ኦቦ በሩን መቱት። «ልጆች፣ ተነሱ! ዓሣው ምን ሆነ?» አሉ። ሮጠን ወጣን። ዓሦቹ በሙሉ ከውሃው ላይ ናቸው። አፋቸውን ይከፍታሉ፤ ይዘጋሉ፤ ይከፍታሉ፤ ይዘጋሉ።

ያን አፍ እናውቀዋለን። ወንዝ ዳር አይተነዋል። የብርብራ አፍ ነው።

ማንም ብርብራ አልጨመረም። የጨመርነው ፍግ ነው። ነገሩ እንዲህ ነው። ዓሣም እንደ ሰው አየር ይፈልጋል፤ የሚያገኘው ግን በውሃ ውስጥ ካለው አየር ነው። አረንጓዴው ተክል ፀሐይ ሲያገኝ ለውሃው አየር ይሰጣል። ሌሊት ግን እሱም አየር ይወስዳል። የሚበሰብስ ፍግም አየር ይወስዳል። ሰማዩ ዳምኖ ፀሐይ ሲጠፋ የሚሰጥ የለም፤ ሁሉም ወሳጅ ነው። ንጋት ላይ አየሩ አለቀ።

ከምንጩ የሚመጣውን ቦይ ከፈትን። ውሃው ከላይ እንዲወድቅ በገንዳ አደረግነው። በእንጨት እየመታን ውሃውን በጠበጥነው። ጎረቤት መጣ። ልጆች ሳይቀሩ በጣሳ እየቀዱ ከላይ ያፈሱ ነበር። ፀሐይ ወጣች። ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ የቀሩት ዓሦች ወደ ታች ወረዱ።

የሞቱትን ለቀምን። አዴ አንድ በአንድ ቆጠሩ፤ 137 ናቸው። ከ400 ላይ 137 ሲቀነስ 263 ይቀራል። ኦቦ ዝም ብለው ኩሬውን ያያሉ። አልተቆጡንም። ቢቆጡን ይሻለን ነበር።

አዴ ደብተራቸውን አመጡ። ከእኛ አንዱ አፍሮ፣ «አዴ፣ ይህን እንኳ ይተዉት። የሞተ ምን ይጻፋል?» አለ።

ቀና ብለው አዩት።

«ልጄ፣ የሞተም ይጻፋል። ያልጻፍኩትን እረሳዋለሁ። ከረሳሁት ደግሞ እንደገና እገድለዋለሁ» አሉ።

በትልልቅ ፊደላቸው ጻፉት። «ዳመና 3 ቀን። ፍግ 6 ጆንያ። ዓሣ 137 ሞተ።» ከሥሩም፣ «በዳመና ቀን ፍግ የለም» ብለው ጨመሩ። እኛ በዩኒቨርሲቲ ብዙ መጽሐፍ አንብበናል። ከዚያች ገጽ የበለጠ ያስተማረን ግን የለም።

በጥር ወር ልንጠይቃቸው ሄድን። የተረፉት ዓሦች ከመዳፍ በልጠዋል። አዴ ጠብሰው አበሉን። የጾም ወቅት ሲቃረብ ፈላጊ ስለሚበዛ ከተማ ወስደው ሊሸጡ አስበዋል። ደብተሩም ሞልቶ ሁለተኛው ተጀምሯል።

ያን ዕለት ወደ አምቦ ስንመለስ በሁሉቃ ወንዝ ዳር አለፍን። ሦስት ልጆች ድንጋይ ላይ አንድ ነገር ይወቅጣሉ። ጠጋ አልን። ብርብራ ነው።

ልንቆጣ አሰብን። በማን አፋችን? አጠገባቸው ተቀመጥን።

«ስንት ዓሣ ትፈልጋላችሁ?» አልናቸው።

«ለእራት የሚሆን፣ አምስት ስድስት» አሉ።

«ይህ ዱቄት ስንት ይገድላል?»

ተያዩ። አያውቁም። እኛም በእነሱ ዕድሜ አናውቅም ነበር። ስለ ቆሮሶዋ እናት ነገርናቸው። 640 ጫጩት በማንኪያ እንደቆጠርን ነገርናቸው። መንጠቆ የፈለጉትን አምስት ብቻ እንደሚያወጣ፣ ብርብራ ግን የከርሞውንም አብሮ እንደሚጨርስ ነገርናቸው። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የዓሣ ሀብት አዋጅ በመርዝ ማጥመድን መከልከሉንም ነገርናቸው። አዋጁ ብዙም አልገረማቸውም። ዓሣ ልጆቿን በአፏ መያዟ ግን ገረማቸው።

ትልቁ ልጅ፣ «እናንተስ ልጅ ሳላችሁ አድርጋችሁ አታውቁም?» አለን።

እርስ በርሳችን ተያየን። አዴን አሰብናቸው። የሞተም ይጻፋል።

«አድርገናል። ብዙ ጊዜ አድርገናል። ስንት እንደገደልን ግን አናውቅም፤ አልቆጠርንም» አልነው።

ልጁ የተወቀጠውን በጨርቁ ቋጠረ። ውሃው ውስጥ አልነከረውም። ከዳር ካለ ድንጋይ ላይ አስቀመጠውና ስለ መንጠቆ ይጠይቀን ጀመር።

በእናንተ ወንዝስ ዓሣ እንዴት ይጠመዳል? ከ10 ዓመት በፊት የነበረው ዓሣና ዛሬ ያለው እኩል ነው? ሽማግሌዎችን ጠይቁ። የነገሯችሁንም ጻፉት።